ዋንጫው ለእህቴ እንዳይደርሳት

ዛሬም በተማሪ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» ብዬ ስጽፍ በልቤ «በስመ አብ» እላለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ዲግሪ የያዘች መምህርት፣ ሰቆጣ ከተማ መሀል ተቀምጣ የሰው ዓይን ትፈራለች ይላሉ። ይሳቁ። እነሱ በስምንት ዓመታቸው ጆሯቸውን ከሻይ ቤት ግድግዳ ለጥፈው እኔ የሰማሁትን አልሰሙም።

የደሃና ወረዳ ልጆች ነን። እህቴ ሰርክአዲስ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ አባታችን ሰቆጣ ቤት ተከራየላት፤ ብቻዋን እንዳትሆን ደግሞ እኔን አብሮ ሰደደኝ። በእሱ ቤት ጠባቂዋ መሆኔ ነው። ገና ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ግን ሲሸኘን ትከሻዬን ይዞ «ውዴ፣ እህትሽን አደራ» ስላለኝ ነገሩን የምር ይዤው ነበር። እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እንኳ በር ላይ ቆሜ እስክትመለስ እጠብቃታለሁ።

የተከራየናት ክፍል ከእትዬ አበዛሽ ሻይ ቤት ጀርባ ነበረች። መሀል ያለው ግድግዳ ጭቃው ረግፎ ጋዜጣ ብቻ ስለቀረው፣ ሻይ ቤት የሚወራው ሁሉ እኛ ጋ ይደርሳል። እኔ የትልልቅ ሰዎችን ወሬ እሰማለሁ። ያልገባኝን ደግሞ ከራሴ እሞላለሁ።

በመጀመሪያው ዓመታችን ማስተዋል የምትባል የሰፈራችን ልጅ በትምህርት ቤቶች የቅርጫት ኳስ ውድድር ኮከብ ተጫዋች ተባለችና ዋንጫ ተሸለመች። በትከሻ ተሸክመው ከተማውን አዞሯት። እኔም ከኋላ እየሮጥኩ ስሟን ጠርቻለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ማስተዋል የለችም። እናቷ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመች። «ልጄን ዓይን በላት። ሩቅ አገር ጸበል አስገብቻታለሁ» አለች። ሴትዮዋ ዞር ስትል እትዬ አበዛሽ ለራሷ «አይ፣ ያች ልጅማ አትመለስም» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ የማስተዋል ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል።

እኛ ቤት ደግሞ ዓይን ቀልድ አይደለም። ሰው መጥቶ ጥጃችንን «እንዴት ያምራል» ካለ እናቴ «በስመ አብ በል እንጂ!» ብላ ትቆጣዋለች፤ ጥጃውንም እትፍ እትፍ ትልበታለች። ለጥጃ እንዲህ ከተደረገ፣ ከተማ ሙሉ ሰው ስሟን እየጠራ ያሞገሳት፣ አንድም ሰው በስመ አብ ያላለላት ልጅ ምን ትሆናለች? ማስተዋል ሞታለች፣ የገደላትም ዋንጫው ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። መጠየቅም ያስፈራኝ ነበር።

በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ውድድሩ ተመልሶ መጣ። እህቴ አሥረኛ ክፍል ሆናለች፤ ቁመቷም በአንድ ክረምት ተመዟል። ሜዳው የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ነው። የቅርጫቶቹ መረብ ድሮ ተበልቶ ስላለቀ በማዳበሪያ ከረጢት ክር ተጠልፎ ነበር። እህቴ ጫፉ ላይ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት የወንድ ጫማ አድርጋ ትጫወታለች። ብዙ አታገባም። ኳሷን እያነጠረች ትመጣና ሦስት ሰው ወደ እሷ ሲሮጥ፣ ዓይኗ ወዲህ እያየ ኳሷ ወዲያ ትሄዳለች፤ እዚያ ደግሞ ማንም ያልጠበቃት ልጅ ብቻዋን ቆማ ትገኛለች። ሰው ያብዳል። በካብ ላይ የተሰቀለው ሁሉ «ሰርኬ! ሰርኬ!» ይላል። 

እኔ ግን በተጠራች ቁጥር ጀርባዬ ይቀዘቅዛል። አጠገቤ ያለ ሰውዬ «ይች ልጅ እኮ ለጉድ ናት!» ሲል ቀና ብዬ «በስመ አብ በሉ» አልኩት። ሳቀብኝ።

በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ኮከብ የሚመርጡት ሰዎች እትዬ አበዛሽ ቤት ሻይ ሊጠጡ ገቡ። እህቴ ልብስ ልታጥብ ወርዳለች። መብራት ሳላበራ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ሦስቱንም በድምፃቸው አውቃቸዋለሁ። ሳል የማይለያቸው ሽማግሌ መምህር ደግሰው ናቸው፤ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርና የምርጫው ሰብሳቢ። ሲናገር ጠረጴዛ የሚመታው አቶ ተስፋው ነው፤ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የስፖርት ባለሙያ። ሦስተኛዋ የእህቴ የስፖርት አስተማሪ መምህርት እስከዳር ናት፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ።

«ቁጥር አይዋሽም» አለ አቶ ተስፋው። «አገኘሁሽ በአራት ጨዋታ ሰባ ሁለት ነጥብ አላት። ሰርክአዲስ ሠላሳ አንድ። ምን ያከራክረናል?»

«ሌሎቹ ያገቡትን ኳስ ማን ሰጣቸው?» አለች መምህርት እስከዳር። «እሱንም ቁጠራው እንጂ። አገኘሁሽ ብትወጣ ሌላ አግቢ ይገባል። ሰርክአዲስ ብትወጣ ግን አምስት ልጅ ነው የሚቀርህ፣ ቡድን አይቀርም።»

በስመ አብ፣ አልኩ በሹክሹክታ።

«ማቀበልማ ማንም ያቀብላል።»

«ማንም? እስቲ አንተ ሳታይ አቀብል! እኔ ስድስት ዓመት ተጫውቻለሁ፣ እንደሷ ያለ እጅ አላየሁም።»

በስመ አብ። እትፍ፣ እትፍ።

«እጇስ እውነት ነው» አለ አቶ ተስፋው እየለዘበ። «ቁመቷም መልካም ነው። ሩጫዋንም አልክድም። ትናንት የመጨረሻዋን ኳስ ከአየር ላይ የነጠቀችበት...»

ልደርስባቸው አልቻልኩም። ለእጇ በስመ አብ ስል ቁመቷን ያነሣሉ፣ ለቁመቷ ስል ሩጫዋን። ምራቄ ደረቀ። ክርክሩን እያሸነፈችላት ያለችው መምህርት እስከዳር በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ የምፈራት ሴት ነበረች። አፏን በእጄ ብከድነው እወድ ነበር።

መምህር ደግሰው ሳላቸውን ጨርሰው ተናገሩ። «እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያምናዋ ልጅ እናት ዛሬም ከበሬ አልጠፋችም። ‹ልጄን አምጡ› ትለኛለች። ምን ብዬ ላምጣላት?»

«ማስተዋል ወዳ ፈቅዳ ነው የሄደች» አለች መምህርት እስከዳር።

ወዶ ፈቅዶ የሚሞት ሰው እንዳለ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ጋዜጣው ላይ ያረፈው ጆሮዬ ጋለ።

«ይሁን» አሉ መምህር ደግሰው። «ዘንድሮም የሚወስዱት አንድ ልጅ ነው፤ ዋንጫውን ያገኘችዋን። መኪናው ከገና በፊት ይመጣል። እንግዲህ ልጅቱ የታጨች ከሆነች አባትየው አይለቅም፣ ነገሩ ሽማግሌ ለሽማግሌ ይሆናል፣ ዕድሉም ባክኖ ይቀራል። ለታጨች ልጅ ድምፄን አልሰጥም። ይኸን አስቀድሜ ልናገር።»

«ሰርክአዲስ ታጭታለች እንዴ?» አለ አቶ ተስፋው።

«አልታጨችም!» አለች መምህርት እስከዳር፣ ቃሉን ከአፉ ነጥቃ።

ደነገጥሁ። እህቴማ ታጭታለች። በመስቀል ማግስት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው አባቴ እሺ ብሏቸዋል። ሠርጉ ጥር ሃያ ሁለት ነው፤ ለእኔም ደረቱ ላይ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ተገዝቶልኛል። መምህርቷ አልሰማች ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ሳስበው ከከተማው ሰው ሁሉ ቀድማ ያወቀች እሷ ነበረች። እህቴ አልቅሳ ነግራታለች። ያ ሁሉ የነጥብና የማቀበል ክርክር የጨዋታ ክርክር ብቻ አልነበረም። አንዲት የሃያ አራት ዓመት አስተማሪ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በምን በኩል ታምልጥ እያለች ስትከራከር ነበር።

እኔ የያዝሁት ግን አንድ ነገር ነው። ዋንጫው የታጨች ሴት አይነካም።

እራት ድርቆሽ ፍርፍር ነበር። እህቴ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው። ጉልበቷን አቅፋ በሩን ታያለች።

«እታለም፣ ዋንጫውን ቢሰጡሽ ትወስጂዋለሽ?» አልኳት።

«ከሰጡኝማ እሄዳለሁ።»

«የት?»

«ሩቅ።»

«ከዚያስ ትመለሻለሽ?»

ወደ ራሷ ስባ አቀፈችኝ፤ እጇ በሳሙና ሽታ ተሞልቷል። «አድገሽ ትመጭና ታይኛለሽ» አለች። «ለአባዬ ግን ትንፍሽ እንዳትይ። እሺ ውዴ? ምላስሽን ቆርጬ ነው የምጥለው።» ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ኋላ ጦርነቱ ሲመጣ እንኳ፣ ሌሊቱን በእግር ወጥተን በየገደሉ ስናድር፣ እንደዚያ አልፈራሁም። እህቴ እንደምትሞት አውቃለች፣ ወዳ ፈቅዳም ልትሄድ ነው። ትልልቆቹ ሁሉ ያውቃሉ። አደራው ያለብኝ ደግሞ እኔ ነኝ። ተቃቅፈን ስንተኛ ደረቷ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ልቧን አዳመጥኩ።

በማግስቱ ፍጻሜው ነበር። ነፋሱ አቧራ እያነሣ ዓይን ያስጨፍናል። አገኘሁሽ በደንብ ተጫወተች፤ አገባች፣ አገባች፣ መቁጠር እስኪያቅተን አገባች። የእህቴ ቡድን ግን በሁለት ነጥብ አሸነፈ። የመጨረሻዋን ኳስ እህቴ ራሷ ማግባት ትችል ነበር። ዘለለች፣ ሁሉም አብሯት ዘለለ፣ እሷ ግን በአየር ላይ ሳለች ኳሷን ወደ ታች ጥላ ለአንዲት አጭር ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ አገባች። ካቡ ላይ የነበረው ሰው ሜዳ ገባ። መምህርት እስከዳር በጩኸቱ መሀል ስታለቅስ አየኋት፤ እኔም ቀኑ መድረሱን አወቅሁ።

ሦስቱ ዳኞች ጠረጴዛው ጋ ጭንቅላታቸውን ገጥመዋል። ዋንጫው መሀላቸው ቆሟል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። በሰው እግር መሀል ሾልኬ መምህር ደግሰውን ኮታቸውን ጎተትኳቸው።

«ምን ሆነሻል፣ ሚጡዬ?»

«የሰርክአዲስ እህት ነኝ።» ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ደገምሁት። «እህቴ ታጭታለች። ሠርጓ ጥር ሃያ ሁለት ነው።»

ጎንበስ አሉ። «ማን ነው እንዲህ በይ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝ። ቤታችን ብቅል በቅሏል። ለእኔም ቀሚስ ተገዝቶልኛል፣ ጥልፍ አለው። ይምጡና ይዩት፣ እግዜርን!»

የቀሚሱ ነገር አሳመናቸው መሰለኝ። ቀስ ብለው ቀና አሉና መምህርት እስከዳርን አዩዋት። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። እኔን አየችኝ፤ መቆጣቷን ወይም ማዘኗን የማይነግር አስተያየት ነበር። ልጅ ነበርኩና አፈርኩ ብቻ።

ኮከብ ተጫዋች አገኘሁሽ ተባለች። ገሚሱ አጨበጨበ፣ ገሚሱ ጮኸ። «አይገባም! ሰርኬ! ሰርኬ!» የሚለው ከየካቡ መጣ፣ አቶ ተስፋው በድምፅ ማጉያው ቁጥር ሲያነብ ቁጥሩ አልሰማ አለ። እህቴ ኳሷ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጇ በጉልበቷ መሀል። ሮጬ ሄጄ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

«ተረፍሽ!» አልኳት። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው! መታጨትሽን ነገርኳቸው፤ ተረፍሽ!»

አልመለሰችልኝም። ጩኸቱ እንደዚያ ነበርና አልሰማችኝም ብዬ አሰብኩ። ኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ሲገባኝ፣ ያንን ጩኸት እንደ ቸር ዘመድ ስመርቀው ኖሬአለሁ። ያልሰማችኝ በእሱ ነው እያልኩ።

ነገሩ የገባኝ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። እትዬ አበዛሽ ቴሌቪዥን ገዝታ ነበር። ሻይ እየጠጣሁ ሳለ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ይታያል፣ ተንታኙም ማስተዋል የሚል ስም ደጋግሞ ይጠራል። ቀና ስል የሞተችዋ ልጅ ወፍራና ፀጉሯን አሳጥራ ትሮጣለች። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ።

«እትዬ፣ ሞታ አልነበረም እንዴ?»

«ማን ሞተች አለሽ?» አለች ስብርባሪውን እየጠረገች። «እናቷ ልትድራት ስትል አምልጣ ስፖርት አካዳሚ ገባች እንጂ። ኮከብ የተባለችዋን ይወስዱ አልነበር? ምግብ፣ ትምህርት፣ ሁሉ በመንግሥት። ታዲያ እናት ‹ልጄ ጥላኝ ጠፋች› ከምትል ‹ዓይን በላት› ብትል ገበናዋ አይሸፈንም? አንችም ይኸን አምነሽ ነበር?»

አምኜ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ቃል ከአፌ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። አገኘሁሽ በዚያ መኪና ሄዳለች፣ ተምራለች፣ ዛሬ አሠልጣኝ ናት፤ ምቀኝነት የለብኝም፣ እሷም አስቆጥራ ነው የወሰደችው። እህቴ ጥር ሃያ ሁለት ተዳረች። ባሏ ኪዳኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዱላ የማያነሣ፣ ሥራ የማይንቅ ገበሬ ነው። ግን ትምህርቷ ከአሥረኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ተቆረጠ፣ ኳስም ዳግመኛ አልነካችም። አራት ወልዳለች። በጦርነቱ ዓመት በቤቷ እህል ጠፍቶ እሷ ለልጆቿ እያካፈለች ስትከሳ፣ እኔ ሌሊት ሌሊት ያን የመኪና ድምፅ እሰማ ነበር፤ ያልተሳፈረችበትን። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው። እህቴ እንዳትጠፋ ፈርቼ በእጄ አጠፋኋት ብዬ አምናለሁ። አንድም ቀን ግን ለእሷ አልነገርኳትም። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ቆየሁ።

የመጀመሪያ ልጇን እስከዳር አለቻት። ስሙን ከማን እንደወሰደችው ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ እንደ እናቷ ረጅም ናት፣ እጇም የእናቷ ነው። ይኸን ስጽፍ በስመ አብ ብያለሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን እህቴ ስንቅ ይዛ መጣች። እስከዳርና የጎረቤታችን ልጅ ጌታሁን ደጃፉ ላይ ስልክ ይዘው ይጨቃጨቃሉ። የአሜሪካ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ነው። ዘንድሮ ኤምቪፒ ማን ይባል፣ ኮከብነቱ ለየትኛዋ ይገባል እያሉ ነው። ጌታሁን በነጥብ ይቆጥራል። እስከዳር «ነጥብ ብቻ ነው እንዴ? እሷ ከሌለች እኮ ቡድኑ የለም!» ትላለች። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ያው ክርክር፣ ያው ስም፣ በግድግዳ በኩል የሰማሁት። ጀርባዬ ቀዘቀዘ።

«እማ፣ አንች ፍረጅን» አለች እስከዳር ስልኩን እያቀበለቻት። «ይችኛዋ ናት ወይስ ያችኛዋ?»

እህቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ስልኩን ተቀበለች። ጨዋታውን አየች። አንዴ «ይችኛዋ ሳታይ ነው የምታቀብል» አለች፣ ለራሷ። ልጆቹ ፍርዷን ይጠብቃሉ። እኔም ቢላዬን ይዤ ቆምኩ።

«ታናሽ እህት የሌላት የትኛዋ ናት?» አለች። «ለእሷ ይስጧት።»

ልጆቹ ተንከተከቱ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባቸውም፤ እህቴ ስትቀልድ ሰምተው ስለማያውቁ ብቻ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ስልኩን መለሰችና ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ አልነበረባትም።

«ድስቱ ሊያርር ነው፣ ውዴ» አለችኝ።

ለካ ሰምታኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ቃል በቃል ሰምታኛለች። እንግዲያው ጥር ሃያ ሁለት ጠዋት፣ ራሷ ሙሽራ ሆና ሴቶቹ እየጠበቋት፣ ፊቷ አስቀምጣኝ ፀጉሬን ቅቤ የቀባችኝ፣ የአዲሱን ቀሚሴን መቀነት ያሰረችልኝ፣ እያወቀች ነው። አስታውሳለሁ፣ መቀነቱን አጥብቃ ስትጨርስ ራቅ ብላ አየችኝና «እንዴት ታምሪያለሽ» አለች። ወዲያው ጎንበስ ብላ ግንባሬ ላይ እትፍ እትፍ አለችብኝ።